ሳትበቅል የቀረችው ክራንቻዬ

ለዚህ ቀን ያደረሰኝ አምላክ ስሙ ይክበር። ይህን የምጽፈው ታምሜ ስለ ዳንሁ ብቻ አይደለም። የሕመሜን መነሻ ከሐኪም አፍ ሰምቼ፣ መናገር ሲገባኝ ሁለት ወር ዝም ስላልሁ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንዲት ሕፃን ነበረች። እርሷ ጋ ለመድረስ ግን ከገዛ መንጋጭላዬ መጀመር አለብኝ፤ የሚያነብ ሰው ትንሽ ይታገሠኝ።

ገነት እባላለሁ። የተወለድሁት ጎጃም፣ ከመኪና መንገድ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ገጠር ነው። ሥራ አግኝቼ ቦንጋ ከመጣሁ ሰባት ዓመት አለፈኝ፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አገሬ የምገባው ለፋሲካ ብቻ ነው፣ እሱም ሲሳካልኝ። መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጃል።

ከልጅነቴ ጀምሮ በታችኛው ድዴ በግራ በኩል አንዲት ጥርስ የለችኝም። ክራንቻ የምንላት፣ ሹሏ። የቀኟ በጊዜዋ በቀለች፣ የግራዋ ቀረች። ቦታው ባዶ ሲሆን ከኋላ ያሉት ጥርሶች ወደ ፊት ተጠጉ፣ የፊቶቹም ወደ ግራ ዘመሙ። አፌን ስገጥም የላዩና የታቹ መሐል ለመሐል አይገናኙም። ተማሪ ሳለሁ ስስቅ በነጠላዬ ጫፍ አፌን መሸፈን ለመድሁ፤ ሰዉ ጨዋነት አድርጎ ቆጠረልኝ። እናቴን ስጠይቃት፣ እግዜር ሲሠራሽ ነው፣ የተፈጥሮ ነው ትለኝ ነበር። የፈጠረኝን አላማርርም ብዬ ተውሁት።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ዝናቡ ቦንጋን አልለቅ ባለበት ክረምት፣ ፊቴን ስታጠብ ጣቴ መንጋጭላዬ ላይ አንድ ነገር ነካ። የባቄላ ፍሬ ያህላል፣ ጠንካራ ነው፣ አያምም። አለማመሙ አዘናጋኝ። ለሚያነብ ሁሉ አስቀድሜ የምለው ይህንኑ ነው፤ የማያም እብጠት ደግ እብጠት ማለት አይደለም። መስቀል ሲደርስ የዶሮ እንቁላል ግማሽ አከለ።

የቤት አከራዬ እትዬ አልማዝ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ያለው የማንኪራ ገጠር ሰው ናቸው። ቡናውና ንቡ ለልጆቻቸው ቀርቶ እሳቸው ከተማ ገብተው ክፍል ያከራያሉ። አይተውኝ ጆሮ ደግፍ ነው አሉ፣ ጨው በጨርቅ አሙቀው ያዙልኝ። የሥራ ጓደኞቼ ምች ነው አሉ። የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ተስፋዬ ደግሞ ጉንጬን አይተው፣ «መደርደሪያው ሞላ ብለሽ ፋይሉን አፍሽ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርሽ እንዴ?» አሉ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔም በነጠላዬ ውስጥ ሳቅሁ።

ሳቁ ሲያልፍ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። የጥርስ ቁስለት ነው ብለው ክኒን ሰጡኝ። ለዐሥር ቀን ዋጥሁ፤ ትንሽ የጎደለ መሰለኝ፣ ተመልሶ መጣ። ሌላ ቦታ ሄድሁ። እዚያ የነበረው ሰውዬ ጥርሴን በብረት ኳ ኳ አድርጎ፣ ይቺ ናት ብሎ ከክፍተቱ አጠገብ ያለችውን ነቀላት። እጁ ላይ አየኋት፤ ነጭ ናት፣ ቀዳዳ የላትም። ለምን ነቀልሃት ብዬ አልጠየቅሁም። ተምሯል፣ ያውቃል ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ከተነቀለበት ቀዳዳ ጨው ጨው የሚል ፈሳሽ በየጊዜው እየወጣ ጎሮሮዬ መግባት ጀመረ። ባጃጅ ስሳፈር ኮብልስቶኑ ላይ ስትነጥር ጥርሶቼ ከውስጥ የሚነቃነቁ ይመስለኛል፤ በዝናብም ቢሆን በእግሬ መሄድ መረጥሁ።

ያኔ ፊቴን ወደ ጠበሉ አዞርሁ። በማለዳ እየሄድሁ እጠጣለሁ፣ እጠመቃለሁ። በዚህ አልጸጸትም። የምጸጸተው ጠበሉን መደበቂያ ስላደረግሁት ነው። የፈራሁት አንድ ቃል ነበር፤ ካንሰር። ሐኪም ጋ ካልሄድሁ ያ ቃል አይነገረኝም። የንስሐ አባቴ ይህን አወቁብኝ። ጠበሉን አትተዪ፣ ነገር ግን በጠበል ተጠግቶ ከሐኪም መሸሽ እምነት ሳይሆን ፍርሃት ነው አሉኝና ጅማ እንድሄድ አዘዙኝ።

ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ተሳፈርሁ። ወደ ጎጀብ ሸለቆ ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን ፊቴን ከሸፈንሁበት ነጠላ አልገለጥሁም። ጅማ የጥርስ ሕክምናው ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁሉም አንድ ጉንጩን ይዟል። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መንጋጭላቸው በጨርቅ ታስሮ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የመጣሁ አሉኝ፤ ከእጃቸው ብርቱካን ግማሹን ልጠው ሰጡኝ። ሁለታችንም ማኘክ አንችልም፤ እየመጠጥን ጠበቅን። ወንበሩ ላይ ማንም ስለ በሽታው አያወራም፤ ስለ መንገድና ስለ ዝናብ ነው። በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም ቀና ይላል። ያን ቀን ተራዬ አልደረሰም፤ በማግሥቱ ደረሰ።

ዶክተሯ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ራጅ አስነሥታኝ ፎቶውን መብራት ላይ ስትዘረጋው የገዛ አጥንቴን አየሁት። በግራ በኩል አንድ ትልቅ ጥቁር ክብ አለ፤ በክቡ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥርስ በጎኗ ተኝታለች። ያቺ ሳትበቅል የቀረችው ክራንቻዬ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀብራ ኖራለች።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እያንዳንዱ ጥርስ አጥንት ውስጥ ሲፈጠር በስስ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው። ጥርሱ ሲበቅል ከረጢቱ ይቀራል። ጥርሱ መውጫ ካጣ ግን ከረጢቱ አንዳንዴ ውሃ ይቋጥራል፣ እያበጠም አጥንቱን ከውስጥ ይበላል። የእኔ አጥንት ከታች በኩል የእንቁላል ቅርፊት ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። ቆሎ እንዳልቆረጥም ከለከለችኝ፤ በአንድ ቆሎ መንጋጭላሽ ሊሰበር ይችላል አለችኝ። ሌላ ክፉ ነገር እንዳይሆን ደግሞ ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት።

ከዚያ አፌን እንድገጥም አዘዘችኝና በጣቷ ጉንጬን ገልጣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ አየች። ሐኪሞች ንክሻን በሦስት እንደሚመድቡት ነገረችኝ። ሁለት እጆቿን ጨብጣ አንዱን በአንዱ ላይ አደረገች። የላይኛውና የታችኛው ትልልቅ የመንጋጋ ጥርሶች ቦታ ቦታቸውን ይዘው ሲገጥሙ አንደኛ ነው፤ የታቹ ወደ ኋላ ሲቀር ሁለተኛ፤ የታቹ አልፎ ወደ ፊት ሲወጣ ሦስተኛ። የእኔ በቀኝ አንደኛ፣ በግራ ሦስተኛ ነበር። የአገጭ አፈጣጠር ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን ይታይ ነበር አለች። በአንድ ጎን ብቻ ሲሆን እዚያ ጎን ላይ ምን ደረሰ ብለን እንጠይቃለን።

ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ሕፃን ሳለሽ ግግ አስወጥተውልሻል?»

ግግ ማስወጣት ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ውስጥ ነጭ ነጭ ነገር ይታያል። ትል ነው፣ በሽታው እሱ ነው ይባላል። አንዲት አዋቂ ሴት ትጠራለች፤ ድዱን በመርፌ ወይም በሾለ ብረት ሰንጥቃ ያንን ታወጣዋለች። ትል የተባለው ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ ነው። ከሥሩ ደግሞ የዕድሜ ልኩ ጥርስ ዘር አለ፤ ብረቱ እሱንም ያገኘዋል።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ለእናቴ ደወልሁ። ለምን እንደምጠይቅ አልነገርኋትም። ሳቅ እያለች መለሰችልኝ። «እንዴታ፣ አስወጥቼልሻለሁ እንጂ። በግራ በኩል ነበር ያበጠው። እሱ ባይሆን አንቺም እንደ ወንድምሽ ነበርሽ።» ከእኔ በፊት የተወለደ ወንድሜ በስምንት ወሩ በተቅማጥ ሞቷል። ለእሱ ግጉን አላስወጣችለትም፤ በዚህ ራሷን ስትወቅስ ኖራለች። ለእኔ ስታስወጣ በዝናብ ሁለት ወንዝ ተሻግራ አዝላኝ ሄዳለች። ይህን ታሪክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ያለው ኩራት እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ተመልሼ ገባሁ። ዶክተሯ ስለ እናቴ ክፉ ቃል አልተናገረችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ ቤተሰብ ውስጥ ሕፃን አለ ወይ? እህቴ አበባ ወልዳ ሕፃኗ አራት ወሯ ነበር። ከእናቴ ጋር በአንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። ሕመሜ ይዞኝ ለክርስትናዋ እንኳ አልሄድሁም።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው» አለችኝ።

ማታ እናቴ ራሷ ደወለች። ምን አሉሽ፣ ምን አመጣው አሉ ስትል ጠየቀችኝ። ለእኔ ብላ ጾሙን እስከ ሠርክ እንደምትጾም ነገረችኝ። እናትሽን አክብሪ የሚለውን ትእዛዝ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠብቄያለሁ ብዬ አስብ ነበር። አንደኛውን ልጅ ግግ ባለማስወጣቴ ቀበርሁት ለምትል እናት፣ ሁለተኛዋን በማስወጣትሽ አበላሸሻት ብዬ በስልክ ልናገር? አፌ አልታዘዘልኝም።

«የተፈጥሮ ነው አሉኝ፣ እማዬ» አልኋት።

የዋሸሁት ይህችን ብቻ ናት።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። ከረጢቱን ከነክራንቻዋ አወጡት፤ ሥራቸው የተበላ ሁለት ጥርሶችም አብረው ሄዱ። ናሙናው ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ሥራ ገብቼ ፋይል እደረድራለሁ፣ ምን እንደደረደርሁ አላውቅም። አንድ ቀን ጋሽ ተስፋዬ መጥተው ያበላሸሁትን ሁሉ ቁጭ ብለው ሲያስተካክሉልኝ ዋሉ። ከዚያ ቀን በኋላ በጉንጬ አልቀለዱም። ውጤቱ መጣ፤ ካንሰር አይደለም። ደጀ ሰላም ሄጄ ወደቅሁ።

የቀረብኝም አለ። በመንጋጭላ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጎድቶ የታችኛው ከንፈሬ የግራው ግማሽ ደንዝዟል። ውሃ ስጠጣ ይፈስሰኛል፣ አይታወቀኝም። ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙኝ እንጨቱ ግማሽ ከንፈሬ ላይ ይሰማኛል፣ ግማሹ ላይ አይሰማኝም። ሊመለስ ይችላል ብለውኝ ነበር። እስካሁን አልተመለሰም።

በነዚያ ሳምንታት እትዬ አልማዝ ናቸው ያኖሩኝ። ጾም ስለ ነበር ወተትና እንቁላል አይሆንም፤ የቡላ ገንፎ በውሃ አቅጥነው፣ ከማንኪራ የመጣላቸውን ማር አድርገው በማንኪያ ይሰጡኛል። ዶክተሯ ክራንቻዋን በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ ሰጥታኝ ነበር፤ ለእትዬ አልማዝ አሳየኋቸው። ጠማማ ናት፣ ቡናማ፣ ጫፏ የተጨፈለቀ። የጥርስ መልክ የላትም። ሁሉንም ነገርኋቸው፣ ለእናቴ ያልሁትንም ጭምር። እሳቸው ሰፈርም ግግ የምታወጣ ሴት እንዳለች ነገሩኝ፤ የልጅ ልጃቸውን ወስደውላት እንደነበር ሲናገሩ ድምፃቸው ወረደ።

ለፋሲካ ስገባ ብልቃጡን ይዤ ሄጄ፣ የእናቴን እጅ ይዤ በቀስታ እነግራታለሁ አልኋቸው። እስከዚያ ሕፃኗ ጥርስ የማውጫዋ ጊዜ ገና ነው።

ብልቃጡን አፍጥጠው አዩት። «ስልክ የለሽም?» አሉኝ።

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ እትዬ።»

«በሽታውስ መንገድሽን ይጠብቅልሻል?»

ክፉኛ ከፋኝ። የእናቴን ልብ አያውቁትም ብዬ ሁለት ቀን በደንብ አላነጋገርኋቸውም። ከዚያ በኋላ ከእናቴ ጋር በየእሑዱ ስንነጋገር ስለ ዘር፣ ስለ ከብት፣ ስለ እኔ ከንፈር አወራን። ሕፃኗ ደህና ናት ወይ እላለሁ፤ ደህና ናት፣ መሳቅ ጀምራለች ትለኛለች። እኔም ስልኩን እዘጋለሁ። በመጨረሻዎቹ ሁለት እሑዶች መስመሩ እምቢ አለ፤ እሱንም እንደ ምክንያት ቆጠርሁት።

ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ደረስሁ። እህቴ አበባ ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ልጇን አቅፋለች። በስም ብቻ የማውቃት ማርያማዊት ስድስት ወሯ ነው። ከስታለች፣ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ እንግዳ ሲያዩ ከሚያለቅሱት ልጆች ግን አይደለችም፤ ነጠላዬን ይዛ ሳቀችልኝ።

በታችኛው ድዷ፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ቁስል ነበር። ጥቁር፣ ገና ያልደረቀ።

አበባ ነገረችኝ። ከሆሳዕና በፊት ጀምሮ ሲያስቀምጣት ነበር፣ ጡት አልይዝ አለች። እናታችን ይህችንስ አልቀብራትም ብላ ማክሰኞ ሴትዮዋን አስጠራች። እኔ ከመድረሴ ሁለት ቀን አስቀድሞ።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ እጇን እየጠረገች ሳመችኝ፣ ፊቴን አገላብጣ አየችና አለቀሰች። ሕፃኗን ሳይ ምን እንደሆንሁ ግራ ገባት። አይዞሽ፣ አንቺም በሱ ነው የተረፍሽ አለችኝ። እኔም ሦስት ቀን መንገድ ላይ ያጠናሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝና ብልቃጡን መዳፏ ላይ አስቀመጥሁላት። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደወጣ፣ ምን እንዳደረሰው ነገርኋት። ቆማ ሰማችኝ። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሣችው፣ ወደ ሕፃኗ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ ገነት» አለች። «የተፈጥሮ ነው አልሽኝ።»

ብልቃጡን ጨብጣ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

በማግሥቱ፣ ስቅለት ነበር፣ ስግደቱን ትተን ሕፃኗን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ተቅማጡ ከሚጠጣው ውሃ የመጣ ነው አሉን። በተፈላ ውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት ሰጡን፤ በማንኪያ በማንኪያ ስናጠጣት በሁለት ቀን ዓይኗ ተመለሰ። ለትንሣኤ ጡት ያዘች። ወንድሜን የገደለው ከሰውነቱ ውሃ ማለቁ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለእናቴ ግን አልነገርኋት። እሷም ሳይገባት አልቀረም፤ ማንኪያውን ከእጄ ተቀብላ ሌሊቱን ራሷ ስታጠጣት አደረች። ቁስሉም ሳያመረቅዝ ዳነ፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ።

ዶክተሯ ጋ ስደውል አልተቆጣችኝም። የዕድሜ ልኩ ክራንቻ ዘር ተነክቶ እንደሆነ አሁን ማወቅ አይቻልም አለች። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆናት ራጅ አስነሡላት፤ ጥርሱ የሚበቅለው ግን በዘጠኝ በዐሥር ዓመቷ ነው፣ እስከዚያ ጠብቁ አለችኝ።

ለንስሐ አባቴ ሁሉን ተናዘዝሁ። የሚሰገደውን ሰገድሁ። ከስግደቱ በላይ የከበደኝ የጨመሩልኝ ነው፤ ዝም ባልሽበት ነገር ተናገሪ አሉኝ። ይህን የጻፍሁት ለዚያ ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠው ድዱን አትንኩት፤ የምታዩት ነጭ ነገር ትል ሳይሆን ጥርሱ ነው፤ ልጁን ውሃ እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ያወቀ ሰው ካለ ደግሞ የእናቱን ልብ እጠብቃለሁ ብሎ ፋሲካን አይጠብቅ፤ አሁኑኑ ይደውል።

ብልቃጡን እናቴ አልመለሰችልኝም። እህቴ እንደምትለው በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛዋለች፤ የሕፃን ለቅሶ በተሰማበት ቤት ሳትጠራ ትሄዳለች። እዚያ ምን እንደምትል አበባም አታውቅ፣ እኔም አልጠየቅሁ። እኔን ስታነጋግረኝ እንደ ድሮው ስለ ዘርና ስለ ከብት ነው።

ማርያማዊት አሁን ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል። የፊት ጥርሶቿ ከላይም ከታችም አምረው ወጥተዋል። እህቴ በየጊዜው የአፏን ፎቶ በስልክ ትልክልኛለች። በሥራ መካከልም ቢሆን አጉልቼ የማየው ከፊቶቹ ጥርሶች ጎን ያለውን የክራንቻ ቦታ፣ በግራና በቀኝ ያለውን ለስላሳ ባዶ ድድ ነው።